አብሾ ለማይረሳ ልጅ

ሽታው ከእማዋይሽ አፍንጫ አልወጣ ብሏል። ጠርሙሱን ያመጣው ሰው ከሄደ ሰነበተ። ጽዋውን በአመድ ፈትጋ አጥባዋለች፣ ልጁ ያስመለሰበትን ጋቢ ጉማራ ወንዝ ወርዳ ድንጋይ ላይ ደብድባዋለች፤ ሽታው ግን እዚያው አለ። የከረመ አተላ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የአለኸኝ እጅ አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ ነው። የአለኸኝ እጅ ምን ይሸታል የሚል ቢኖር፣ በየለቅሶው ቤት በልቶ በአንዱም ያልታጠበ እጅ የሚሸተውን ይሸታል።

አለኸኝ የባሏ የአያልነህ ታላቅ ወንድም ነው። በልጅነቱ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ትምህርቱ ሳይገባው እሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ጭራውን ይዞ ከተዝካር ተዝካር ይዞራል። ሰዉ መሪጌታ ሲለው ዝም ይላል፤ እንዲያውም መሪጌታ ካላሉት አይሰማም። ትልቁ ኩራቱ ግን በተማሪነቱ አብሾ መጠጣቱ ነው። አብሾ ተማሪ የሰማው ቃል እንዳይጠፋው፣ አእምሮው እንዲከፈት ብሎ የሚጠጣው የቅጠል መድኃኒት ነው። የተስማማው ሊቅ ይሆናል ይባላል፤ ያልተስማማው ጨርቁን ጥሎ በየገበያው ብቻውን ሲያወራ ይኖራል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አውቆም ለልጅ ይሰጣል።

የእማዋይሽ ልጅ ማንደፍሮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንዱን ጽዋ ጠጥቷል። ሁለተኛው በኅዳር ሚካኤል ማግስት እንዲሆን ተቆርጧል፤ አለኸኝም ከፊተኛው ጠንከር ያለ እንደሚሆን አስታውቋል። ከፊተኛው የተረፈ ልጅ ከኋለኛው እንደማይተርፍ ሆዷ ነግሯታል፤ ቢተርፍም ልጅ ሆኖ እንደማይተርፍ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ሚካኤል ነው። በዚያ ወር የሚካኤልን ማኅበር የመደገስ ተራ የእነሱ ነበር። ቤታቸው ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር ነው። ዘንድሮ ውሃው በጊዜ ሸሽቶ ሩዙ አንገቱን እስኪደፋ ድረስ ፍሬ ይዟል። አያልነህ ደስ ብሎታል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ልጁን በሰው ፊት ማስነበብ ይወዳል። ማንደፍሮ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ እንደ ምንም ብሎ አራተኛ ክፍል ደርሷል። ማታ ማታ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያንበለብለው ጎረቤት ሥራ ፈትቶ ይሰማዋል። አያልነህ ራሱም ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ነው። የቀበሌ ወረቀት ሲመጣለት ግን ዓይኔን ያመኛል ብሎ ለጎረቤት ያስነብባል።

የዚያን ቀን ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ልጁን ጠራው። ማንደፍሮ ስለ ንብ የሚናገረውን ትምህርት ጀመረ። ድምፁ ያምራል፤ ነጥቡ ላይ ያርፋል፣ ጥያቄው ላይ ከፍ ይላል። የንስሐ አባታቸው ቄሱ ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው በላቸው፣ ሥዕሉን ልይ ብሎ ጎንበስ አለና፣ በወጥ እጁ ጥቂት ቅጠል ገለጠበት። ማንደፍሮ አላቆመም። መጽሐፉ ላይ ጅብ ተሥሏል፤ እሱ አሁንም ንቧ ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ ያነባል። በላቸው ደግሞ ገለጠ። ንቧ አሁንም አበባ ላይ ናት።

መጀመሪያ የሳቀው በላቸው ነው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እማዋይሽ በዳቦ የተሞላ አፍ ሲስቅ ምን እንደሚመስል የዚያን ቀን አየች። ፍርፋሪው ልጇ መጽሐፍ ላይ ሲረግፍ አየች። ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኞቹን መንገድ ላይ ባገኘች ቁጥር ቀድሞ የሚታያት ድዳቸው ነው። ማንደፍሮ መጽሐፉን አጥፎ በጓሮ በኩል ወጣ። ሰዉ ሲበተን አያልነህ የበሬውን ጅራፍ ከማገሩ ላይ አወረደና ተከተለው። እየገረፈ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሰደብኸኝ ነው የሚለው።

በማግስቱ መድኃኒት አዋቂው በዛ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ የዚያን ሰሞን ቤታቸው በንፍጥ ተለቀለቀ። አንዷ ወንዛዬ ወስደሽ ፍል ውሃ ንከሪው አለች። አንዷ ሌሊት ወፍ ሳይዞረው አልቀረም አለች። ሰው መከረኛ ልጅ ሲያገኝ አፉ እንዴት እንደሚጣፍጠው እማዋይሽ አታውቅም ነበር። በመጨረሻ አለኸኝ መጣና፣ ይሄማ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ፈረደ። ትምህርቱ በጆሮው ይገባል፣ ዓይኑ ላይ ሲደርስ ጥላው ይጋርደዋል አለ። ጥላው ከየት መጣ ሲባልም ወደ እማዋይሽ ሳያይ፣ ከእናቱ ወገን ነዋ፣ ሌላ ከየት ይመጣል አለ።

የእማዋይሽ አያት ይፋግ አጠገብ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጭቃ ረግጠው፣ ገንቦ ተኩሰው፣ ተሸክመው ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚለው ሰው ታዲያ ጠላውን የሚጠምቀው በሸክላ ሠሪ ጋን፣ ወጡን የሚሠራው በሸክላ ሠሪ ድስት ነው። እጁ የሠራውን እየላሰ እጁን ይጸየፋል። እማዋይሽ ይህን ሐሜት ስታገባ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ አንድ ቀን በልጇ ላይ እንደሚወጣባት ግን አልጠረጠረችም። አያልነህ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ተዉ አላለም። ዝም አለ፤ ዝምታውም ሸክም ያወረደ ሰው ዝምታ ነበር። ያን ጊዜ አልገባትም።

ጽዋው የተሰጠው ገና ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ ነው። አያልነህ እግሩን ያዘ። አለኸኝ ጽዋውን ያዘ። አፍንጫውን የያዘችው እሷ ናት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷ ግን በየቀኑ ትናገረዋለች። ካልጠጣ ጥላው ይገድለዋል ሲሏት አመነችና፣ የወለደችውን ልጅ እንደ ጥጃ አንቃ አፉን አስከፈተችው። አለኸኝ ጽዋው ላይ በግዕዝ ነው የተባለ ነገር ደገመ። መሐል ላይ ሳል ይዞት አረቄ ለመነ፣ ጠጣ፣ ቀጠለ። ልጁ ዋጠ።

ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል የማንደፍሮ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆነ። ምላሱ ደርቆ ላንቃው ላይ ተጣበቀ። ከግድግዳው ላይ የሌለ ወፍ ያባርር ጀመር፤ ሩዝ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው እያጨበጨበ እሽ፣ እሽ ይላል። እማዋይሽ ልታቅፈው ስትጠጋ በሁለት እጁ ገፋት።

"አንች ሴትዮ፣ እናቴን ጥሪልኝ" አላት።

እስኪመሽ ድረስ እናቱን አስጠራት። እሷም እስኪመሽ ድረስ እኔ ነኝ አለችው። አለኸኝ በዚያ ሁሉ መሐል መደቡ ላይ ተደላድሎ፣ ለመድኃኒቱ ተብሎ የታረደውን ዶሮ ይበላ ነበር። እየተነቀለ ነው፣ እየወጣ ነው እያለ አጥንቱን ይሰብራል፣ መቅኔውን ይመጥጣል፤ ቅቤው በጺሙ ላይ ይወርዳል። ልጁ ሲጮህ ቀና ይልና፣ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ብሎ ወደ አጥንቱ ይመለሳል። እማዋይሽ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶሮ አልቀመሰችም፤ የምትቀምስም አይመስላትም።

ማንደፍሮ ወደ ልቡ ሲመለስ ብርሃን ዓይኑን ይወጋው ነበር። እናቱን አወቃት፤ ግን እጇ ወደ ፊቱ ሲመጣ ይሸሻል። ይህን ያዩት ሌሎቹ፣ ገና ጥላው ስላልለቀቀው ነው አሉ። እሷ ግን ከምን እንደሚሸሽ ታውቃለች፤ የሚሸሸው ከእጇ ነው።

ቀኖች አልፈው ዓይኑ ሲጠራ ራሷ ትምህርት ቤት አደረሰችው። መምህርቱ ሂክማ ትባላለች። የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ አብዱልአሊም ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ዘንድሮ የተመደበች ወጣት ናት፤ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ እየመጣች ታስተምራለች። እማዋይሽ ወባ ይዞት ነበር ብላ ዋሸች። መምህርቷ ልጁን አየችው፣ እናቱን አየቻት፣ ስለ ወባው ምንም ሳትናገር አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት።

"ልጅዎ ደደብ አይደለም" አለቻት። "ሰነፍም አይደለም። የሰማውን አይረሳም፤ እንቢ ያለው ፊደሉ ነው።"

ከዚያ በቀስታ አስረዳቻት። ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ያነበበችላቸውን ታሪክ መልሱ ስትላቸው ከሁሉ ቀድሞ፣ አንድ ነገር ሳይጎድለው የሚመልስ ማንደፍሮ ነው። ያንኑ ታሪክ ጽፋ ስትሰጠው ግን ላብ ያጠምቀዋል። ይህ ነገር በሙያቸው ዲስሌክሲያ ይባላል። የዓይን በሽታ አይደለም፣ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፣ ጋኔንም አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ፊደልን ከድምፁ ጋር ማጋጠም ይከብደዋል። ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን በትዕግሥት ካስተማሩት ያነባል። ሙባረክ የሚባል ታናሽ ወንድሟም እንዲሁ ነበር። ተገረፈ፣ ተሰደበ፣ የሚያውቅለት ሲያገኝ ቀስ ብሎ አነበበ። ትምህርቱም አንድ ፊደል ይዞ፣ ድምፁን እያሉ፣ በጣት አሸዋ ላይ እየጻፉ፣ እሱ ሳይጸና ወደ ሌላው ሳይሄዱ ነው። በሰው ፊት አለማስነበብ ነው። አለመግረፍ ነው። ሌላም ነገር ጨመረች፤ ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣልና ከእናት ወይም ከአባት ወገን እንዲህ የነበረ አይጠፋም አለች።

እማዋይሽ ዘር የሚለውን ስትሰማ የይፋግ አያቷ ትዝ አሏት፤ አንገቷን ደፋች። መምህርቷ ግን ወደ ልጁ ዞራ፣ ልታነብ ስትል ፊደሎቹ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ መልሱን አዘጋጅቶ አያውቅም።

"ስጠጋቸው ይነሣሉ" አለ። "እንደ ሩዙ ወፍ።"

እማዋይሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከመንገዱ ዳር ያለው ሩዝ ላይ ወፉ ብድግ እያለ ያርፍ ነበር። ሆዷ ውስጥ የተነሣው ግን ኀዘን አልነበረም፤ መጸየፍ ነው። ይህ ሁሉ ሰው፣ ሙሴው፣ ማኅበርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ አባቱ፣ እሷም ራሷ፣ ምን ይታይሃል ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀውም። ይልቅ የሰማውን የማይረሳ ልጅ ይዘው፣ የሰማው እንዳይጠፋው ብለው መርዝ አጠጡት። ጀርባው ለቆሰለ እግሩን እንደ ማሰር ነው። እሷ ደግሞ አሳሪዋ ናት።

የሰማችውን ሁሉ ለባሏ ነገረችው። እስከ መሐሉ ድረስ ሰማት። በዘር ይመጣል ስትል ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ከማን ዘር እንደሆነማ ይታወቃል ብሎ ከቤት ወጣ። ሁለተኛ ልታነሣው ስትሞክር፣ የወንድሜን ቃል በሴት አስተማሪ ወሬ አላጥፍም አላት። ጠርሙሱን ልትደፋው አሰበች፤ አለኸኝ ግን ከጉያው አይለየውም። ልጇን ይዛ ልትሄድ አሰበች፤ ደርሰው የሚመልሷትም፣ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀሩባትም ባሏና ወንድሙ ናቸው። በመጨረሻ ወደ ቄሱ ሄደች። ቄሱ አብሾ እንደማይወዱ፣ ግን የሰው ቤት ገብተው መከልከል እንደማይሆንላቸው ነገሯት። ቀሚሳቸውን ሳያስነኩ ጭቃ መሻገር የሚወዱ ሰው ናቸው። እንኪያስ መጥተው ብቻ ይቀመጡልኝ አለቻቸው፤ መምጣቱን እሽ አሉ።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት አለኸኝ ጠርሙሱን በጋቢው ሸሽጎ ደረሰ። ሸሽጎ ማለት ለስሙ ነው፤ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። በላቸውም ለማየት መጥቷል፤ የሰው መከራ ባለበት በላቸው አይታጣም። ቄሱ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። አያልነህ ልጁን እጁን ይዞ አስገባው። ማንደፍሮ ጽዋውን ሲያይ አላለቀሰም፤ የእናቱን እጅ ነበር የሚያየው። እማዋይሽ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ከልጁና ከጽዋው መሐል ቆመች።

"አያ አለኸኝ፣ ይህ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግለት ለአባ ይንገሩልኝ" አለች።

"የሰማው እንዳይጠፋው ነዋ" አለ አለኸኝ ጽዋውን እየቀዳ።

"እሽ። ማንደፍሮ፣ አጎትህ ያን ለት የደገሙልህን በልላቸው።"

በላቸው ንቧ መጣች ብሎ ከወዲሁ ፈገግ አለ። ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፈነ። ከአፉ የወጣው የአለኸኝ ድምፅ ነው፤ ያ በአፍንጫ የሚወጣው፣ የሚጎተተው። ግዕዙን አለው። ሳሉን ሳለው። ጉሮሮየ ደረቀ፣ አረቄ የላችሁም ወይ አለ በዚያው ዜማ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ዶሮው ወፈር ያለ ነው ወይ ብሎ ጠየቀና ወደ ግዕዙ ተመለሰ። ሊያብድ ጥቂት የቀረው ልጅ፣ ታንቆ ተይዞ የሰማውን አንዲት ቃል አልጣለም። በላቸው ሳቁ ሊያመልጠው ነበር፤ ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

"እስቲ የመጨረሻውን ድገመው" አሉት።

"አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ማንደፍሮ" አለ ልጁ።

ቄሱ ከዱካው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ይህ ፍትሐት ነው" አሉ። "አለኸኝ፣ የባሪያህን የማንደፍሮን ነፍስ አሳርፍ ነው ያልኸው። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ የሙት ጸሎት ደገምህበት።"

አለኸኝ ጥምጥሙን አስተካከለ፤ ዋናው ቅጠሉ እንጂ ቃሉ አይደለም ብሎ አጉተመተመ። ለምን ፍትሐት እንደደገመ እማዋይሽ ታውቃለች። ከለቅሶ ቤት በቀር የገባበት ቤት የለም፤ ከፍትሐት በቀር ጆሮው ላይ የቀረ ቃል የለውም። አብሾ ጠጥቶ ያተረፈው ይህችን ብቻ ነው። ጽዋውን ከእጁ ነጠቀችው፣ ጠርሙሱን ከጉያው አወጣችው፤ አልተከላከላትም። ከብት ከማይደርስበት ከአጥሩ ሥር ቆፍራ ደፋችውና አፈር መለሰችበት። ስትመለስ አለኸኝ በጓሮ በኩል ሄዷል። እንደ ልማዱ እጁን አልታጠበም።

አያልነህ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር። ልጁን እያየ፣ ሰው ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ ይህን ሁሉ ከያዝህ ፊደሉ ምን አድርጎህ ነው አለው።

"ስጠጋቸው ይነሣሉ" አለ ማንደፍሮ።

አያልነህ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ሲቀመጥ እንደ ሽማግሌ በእጁ ተደግፎ ነው።

"ተመልሰው ሲያርፉ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፉት" አለ።

"አዎ" አለ ልጁ ፊቱ በርቶ። "እንዴት አወቅህ አባየ?"

ያን ጊዜ አያልነህ የደበቀውን አወጣው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰው በጆሮው ነው። አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ ሲያነብ እየሰማ፣ የሰማውን እንዳነበበ እየመሰለ፣ እየተያዘም እየተገረፈ ነው። ዓይኑን አሞት አያውቅም። የቀበሌ ወረቀት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የልጁ መጽሐፍ፣ ሁሉም ሲጠጋቸው ይነሡበታል። ሲናገር እንባው ወረደ። ቄሱ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። በላቸው እንኳ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሰው ሲያለቅስ ማየትም ለእሱ ማኅበር ነው።

እማዋይሽ ባሏን ስታይ አንጀቷ እስኪላወስ ጠበቀች። አልተላወሰም። የመጣባት ያው ሽታ ነው። ይህ ሰው ያውቅ ነበር። ንቧ አልሄድ ያለች ቀን፣ ልጁ ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እሱ ብቻ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ጅራፉን አወረደ። አውቆም እግሩን ያዘ። ወንድሙ ነገሩን ከእናቱ ወገን ነው ሲል፣ የሞቱት አያቷ እንደ ገና ቡዳ ሲባሉ፣ ሸክሙ ከትከሻው ወርዶለት ዝም አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ትሰማ ነበር፤ እከኩን ከነመግሉ ስታይ ግን ገና ዛሬ ነው። ወደ እሱ መጠጋት ቀፈፋት። በእሷም እጅ ላይ የልጇ አፍንጫ አለ፤ ይህንም አልረሳችውም። ግን እሷ ሳታውቅ ነው የያዘችው።

ማንደፍሮ አባቱ አጠገብ መደቡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እንደ እሱ ያለ ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው፤ እግሩ በደስታ ይወዛወዝ ነበር።

"አንተንም ይገርፉህ ነበር?"

"ይገርፉኝ ነበር።"

"ያምህ ነበር?"

"በጣም።"

ልጁ አሰበ። የሰማውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ የሚይዝ ልጅ ነውና፣ የዛሬውንም ከጥቅምቱ ጋር አጋጠመው። የእግሩ መወዛወዝ ቆመ።

"ታዲያ እኔን ለምን ገረፍኸኝ?"

ቄሱ፣ ተው ልጄ፣ አባት እንዲህ አይጠየቅም ብለው ሊገሥጹት ሲጀምሩ እማዋይሽ አቋረጠቻቸው።

"ይተዉት አባ" አለች። "ይመልስለት።"

ባዶውን ጠርሙስ እንደ ያዘች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ነገ ልጇን ይዛ መምህርቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ አሸዋውም ከጉማራ ዳር ይመጣል፤ ይህ ሰውየ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ከሀ ይጀምር እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። አሁን ግን ሩዙ ላይ ወፍ ወርዷል፤ የሚያባርረውም ሰው የለም። ከቤቱ ማንም አልተነሣም። ሁሉም የአያልነህን አፍ እያየ ይጠብቅ ነበር።